ጀማሪ ነኝ፤ ሞተር ትራክ ላይ ብማር ምን ይለኛል?

ይህን ጥያቄ እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ሰኔ ላይ ነው። ክሩ (ጥያቄውና ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ) አሁን 38 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በተራ ልተርክላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ከፊሉ በጣም ረጅም ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ስድብ አለበት።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 34። ከፋሲካ በኋላ የጀማሪዎችን የሞተር ኮርስ ወሰድኩ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በትንንሽ ሞተር በኮኖች መሃል መዞር ነው። መነሳት፣ መቆም፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። ኮርሱን ካለፍክ መንጃ ፈቃድ ሰጪው ሌላ ፈተና አይጠይቅህም። ወዲያው ያገለገለ ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ነዳሁና ፈራሁ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንዲት ሴትዮ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ወደ መስመሬ ገባች። ክርኔና ስፖኪዮዋ መካከል አንድ ስንዝር ቢኖር ነው። ቤት ደርሼ ሞተሩን ሸፈንኩት። አንድ ሳምንት አልነካሁትም።

ያን ጊዜ ነው ሰሚት ፖይንት ትዝ ያለኝ። ዌስት ቨርጂኒያ ያለ የውድድር ትራክ ነው። ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያ አለው። ውድድር በሌለበት ቀን ከፍሎ የራስን ሞተር ይዞ መግባት ይቻላል። ክርክሬ አጭር ነበር። እዚያ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም። እግረኛ የለም። ስልክ የምታይ ሴትዮ የለችም። አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ ለጀማሪ ከመንገዱ ትራኩ አይሻልም ወይ?

መልስ 1 ትሁት ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረና እስካሁን ስንት ማይል እንደነዳሁ ጠየቀ። አንድ ነገርም አከለ። ማርሽ ስቀይር እግሬን የማይ ከሆነ ትራክ ገና ነው፤ እጅና እግሬ ሳላስባቸው የሚሠሩ ከሆነ ግን እንድሄድ መከረኝ። አሁን ሳስበው የክሩ ግማሽ እዚህች ውስጥ አለ። ያን ቀን ግን በጨረፍታ አልፌዋለሁ።

መልስ 2 ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው። ዘጠኝ ዓመት ትራክ እንደነዳ ገልጾ፣ በሞተር ፈቃድ ትራክ መንዳት እንደማይቻል፣ ለዚያ የንግድ መንጃ ፈቃድ መውሰድ እንዳለብኝ በደግነት አስረዳኝ። ትምህርት ቤት ሊጠቁመኝም ፈቃደኛ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ አገር ሀበሻ ትራክ ሲል ባለ 18 ጎማውን ማለቱ እንደሆነ ማን ያጣዋል? በእኛ ፊደል ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው። መልስ 3 ሳቅ ብቻ ነው። መልስ 4 ሌላ የትራክ ሾፌር ሆኖ ተገኘ፤ እኔን ትቶ መልስ 2ን ስለ ጭነት ዋጋ ጠየቀው። በማይል ስንት እንደሚከፈል ሲጨዋወቱ ከረሙ።

መልስ 5 ለዚህ ክር የተላከ ሰው ነው። ከዉድብሪጅ ነው የጻፈው። ሰሚት ፖይንት ለዓመታት ተመላልሷል። ቀኑ እንዴት እንደሚውል ከጠዋት ጀምሮ ጻፈልኝ። ነጂዎች በችሎታ በሦስት ቡድን ይከፈላሉ፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የበቃ። እያንዳንዱ ቡድን በየሰዓቱ 20 ደቂቃ ይነዳል። የቀረው ጊዜ ውኃ መጠጣትና ስህተትን ማሰብ ነው። በጀማሪው ቡድን መካከል ልዩ ሰደርያ የለበሱ አስተማሪዎች አብረው ይዞራሉ። አንዱ ካለፈህ በኋላ የሞተሩን ጭራ በእጁ መታ መታ ካደረገ ተከተለኝ ማለቱ ነው። በዚህ ቡድን ሌላውን ማለፍ የሚፈቀደው በውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ያውም ሁለት ሜትር ያህል ርቀህ። ቢጫ ባንዲራ ከፊት አደጋ አለ፣ አትለፍ ነው። ቀይ፣ ቀስ ብለህ ውጣ ነው። ጥቁሩ ላንተ ከሆነ የሆነ ነገር አጥፍተሃል ወይም ሞተርህ የሆነ ነገር እያፈሰሰ ነው።

ስለ ሞተሩ ዝግጅትም ጻፈ። ስፖኪዮ ይነቀላል ወይም ይሸፈናል። የፊት መብራትና ፍሬቻ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ሲሰበር መስታወቱ ትራኩ ላይ እንዳይበተን። እኔ የገረመኝ የራዲያተሩ ነው። ብዙ አዘጋጆች ራዲያተር ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ፈሳሽ አስቀድተው ንጹህ ውኃ ያስሞላሉ። ያ ፈሳሽ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ቶሎም አይደርቅም። አንድ ሰው ወድቆ ያፈሰሰው አሥር ሰው ይጥላል። ውኃ ግን ፀሐይ ይበቃዋል። ለልምምድ የሚሆን ዋጋም ነገረኝ፤ ቀኑ ከ200 እስከ 300 ዶላር ገደማ፣ የቆዳ ቱታ ለሌለው ኪራይ ሌላ።

መልስ 6 ላይ ጨዋነቱ አለቀ። ይሄ ሰውዬ እዚህ መድረክ ላይ ነባር ነው። ትራክ መዋዕለ ሕፃናት እንዳልሆነ፣ እንደኔ ያለ ሰው መታጠፊያ መሃል ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው የሚመጣው ሰው ዕዳ እንደሚከፍል ጻፈ። መጀመሪያ 5 ሺህ ማይል መንገድ ላይ ነድቼ ልመለስ። አንዲት ሴት ስልክ ስላየች የሸሸ ሰው 90 ማይል ላይ ምን ሊያደርግ ነው ብሎም ተሳለቀ። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ደሜ ፈላ። የጻፍኩትን መልስ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ዛሬ ሳነበው ግማሹ እውነት ነው።

መልስ 7 ከአትላንታ ነው። ሮድ አትላንታ በሚባለው የውድድር ትራክ ላይ በያማሃ አር3 እንደሚነዳ፣ ትራክ የጀመረውም ፈቃድ ባወጣ በሁለተኛው ወር እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። የመልስ 6ን ነገር በትሕትና ቆረጠው። 5 ሺህ ማይል በመጥፎ ልማድ መንዳት መጥፎውን ልማድ 5 ሺህ ማይል ማጥናት ነው ባይ ነው። መንገድ ላይ አንድን ኩርባ አንዴ ታልፈዋለህ፤ ነገ ሌላ ነው። ትራክ ላይ ግን ያንኑ ኩርባ በቀን 50 ጊዜ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ምን እንዳጠፋህ ይገባሃል።

መልስ 8 ለመልስ 7 ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ። ወንድሙ ባለ 321 ሲሲ አሻንጉሊት ላይ ተቀምጦ ሰው ባይመክር እንደሚሻል ጻፈ። መልስ 9 አንድ መስመር ናት፤ እህቴ ተብሎ ቢስተካከል የሚል። መልስ 10 ይቅርታ ጠየቀ፣ አንተን ወደ አንቺ ቀየረ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሴት ልጅ ትራክ ላይ ምን ትሠራለች ወደሚለው ገባ። ምነው በወንድምነቷ በቀረች! እሷ አልመለሰችለትም። በኋላ እንደተረዳሁት ያን ቅዳሜና እሁድ ትራክ ላይ ነበረች።

መልስ 11 ከዳላስ። አዲስ ያማሃ አር1 ገዝቷል፤ ፈቃዱ ገና አንድ ወሩ ነው፤ እሱም ትራክ ላይ ሊማር አስቧል። ከመልስ 12 እስከ 16 ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ እሱ ላይ ወረደ። መልስ 6 እና መልስ 7 እንኳን የተስማሙት እዚህ ላይ ብቻ ነው። አር1 ባለ 998 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ ወደ 200 ፈረስ ይጠጋል። የኔዋ ወደ 45 ብትሆን ነው። የአትላንታዋ ሴትዮ በመልስ 14 ነገሩን ግልጽ አደረገችው። በትንሽ ሞተር መታጠፊያ ላይ ስታጠፋ ሞተሩ ይነግርሃል። በትልቁ ስታጠፋ ቀጥታው ላይ ነዳጅ ሰጥተህ ስህተትህን ትሸፍነዋለህ። አንድ ቀን ግን የነዳጅ እጀታውን ያለ ቦታው ትጠመዝዘዋለህ፤ ያን ቀን ሞተሩ ነገር አያስረዳም። ልጁ ቅር ብሎት ጠፋ።

መልስ 17 ስለ ትምህርት ቤት ነው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1980 ኪት ኮድ በተባለ ሰው የተቋቋመውን የካሊፎርኒያ ሱፐርባይክ ትምህርት ቤት አንደኛ ደረጃ ወስዷል። መጀመሪያ ያዘዙት በአንድ ማርሽ ብቻ፣ ፍሬን ሳይነካ እንዲነዳ ነው። ፍሬን ከሌለህ መታጠፊያው በስንት ፍጥነት እንደሚገባ ቀድመህ ማሰብ ግድ ይልሃል። ሁለተኛ ነገር፣ ሞተር ወደ ቀኝ እንዲዞር የቀኙን መሪ ወደ ፊት መግፋት እንደሚያስፈልግ አስታወሰ። በኮርሱ ሰምቼው ነበር፤ አልገባኝም ነበር። እስቲ ሳይክል ላይ ሞክሩት፤ ቀኙን በቀስታ ስትገፉ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

መልስ 18 የፊዚክስ መምህር ይመስለኛል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን መዋጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን፣ በ90 ማይል በአንድ ሰከንድ 40 ሜትር እንደሚታለፍ አስልቶ አስቀመጠ። ሌላ አላለም።

መልስ 19 ወደ ኪስ ወሰደን። ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳት በአብዛኛው የሞተር ኢንሹራንስ ውስጥ እንደማይካተት አስጠነቀቀ። እኔም ወደ ኢንሹራንሴ ደወልኩ። ልጅቷ ለአሥር ደቂቃ ሙዚቃ አሰማችኝና አንድ አንቀጽ አነበበችልኝ። ትራክ የሚለው ቃል ውስጡ ነበር። እሷ እንኳ አልተምታታባትም።

ከመልስ 20 ጀምሮ ክሩ አዲስ አበባ ገባ። ጸሐፊው በፈቃድ የሚሠራ ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ ነው። እናንተ አሜሪካ ባዶ ቦታ ለመዞር ትከፍላላችሁ፣ እኛ ጎተራ ላይ በሚኒባስ መሃል ሾልከን ይከፈለናል በሚል መንፈስ ቀለደብን። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር ነበረው። ሞተርን ማንም አላስተማረውም። ከጓደኛው ተውሶ ሰፈር ውስጥ ለመደ፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ዛሬም ዝናብ ላይ የፊት ፍሬን መንካት ይፈራል። የት እንደሚለማመድ ጠየቀን። መልስ 21 አንድ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ዶቅዶቄ ነበራቸው፤ ሄልሜት የሚባል ነገር አይተው አያውቁም፤ ይኸው አሉ። ማንም ሊከራከራቸው አልደፈረም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለከለከለችበት ውሳኔ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ ስርቆት ቀነሰ አለ፤ ሌላው እንጀራውን እንደነጠቀው ጻፈ። እስከ መልስ 25 ድረስ ይሄው ነው። ፖለቲካ ሊሆን ሲል መልስ 1 ተመልሶ መጣና በመልስ 26 ለዕቃ አድራሹ መልስ ሰጠው። ሌላው ረስቶታል እኮ። እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ፣ በኖራ መስመር አስምሮ፣ ከቀስታ ጀምሮ የፊት ፍሬኑን እንደ ስፖንጅ እየጨመቀ እንዲለማመድ። በአንዴ መያዝ ሳይሆን መጭመቅ።

መልስ 27 ከፍራንክፈርት ነው፤ ጀርመን ያለው ኑርቡርግሪንግ የተባለ የውድድር ትራክ ድረስ መጥተን እንድንማር ጋበዘ። መልስ 28 ቆጣ ብሎ አረመው። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ቀን ያ 20.8 ኪሎ ሜትር እንደ ክፍያ መንገድ ነው የሚቆጠረው፤ የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስም መኪናም ሞተርም አንድ ላይ ይገባ ነበር። ስለዚህ ለጀማሪ ሞተረኛ ከዚያ የባሰ ቦታ አልነበረም። መልስ 29 የሁለቱንም ጎማ ነፋስ ወደ 30 እንዳወርድ መከረ። መልስ 30 ደግሞ የሞተሬ ስቲከር ላይ ለፊት ጎማ የተጻፈው ድሮም ከዚያ በታች እንደሆነ ጠቁሞ፣ ምክር ከመስጠት በፊት ማንበብ እንደሚቀድም አስታወሰው። አየሁ፤ ልክ ነበር።

መልስ 31 የኔ ነው። በመሃል ወር በላይ አልፏል። መልስ 1 እንዳለው መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ባዶ ፓርኪንግ እየሄድኩ እግሬን ማየት እስክተው ተለማመድኩ። ከዚያ በእንቁጣጣሽ ማግስት በነበረው ቅዳሜ ሄድኩ።

ሌሊት 10 ሰዓት ተነሣሁ። ሞተሩን በተከራየሁት ተጎታች ላይ ከዋዜማው አስሬው ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት በሀበሻ የነጂዎች ስብሰባ ነበር። ሰማያዊ ፕላስተር መብራቱ ላይ ስለጥፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያገለገለ ቱታ በ350 ዶላር ገዝቻለሁ፤ ክርኑ ላይ የቀድሞው ባለቤት የወደቀበት ጭረት አለ። ያ ጭረት ራሱ ያስፈራል።

የመጀመሪያው 20 ደቂቃ በሰልፍ ነበር። ከአስተማሪው ጀርባ እንደ ዳክዬ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። በሦስተኛው ጠገብኩ። ረጅሙን ቀጥታ ጨርሼ ወደ አንደኛው መታጠፊያ ስመጣ ከመስመሬ ውጭ ያለውን ሣር አየሁ። ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው። ሣሩ ግራ ነው። እዚያ እንዳልሄድ ብዬ እሱኑ አፍጥጬ አየሁት። ፍሬን ይዣለሁ፤ ትከሻዬ ደርቋል። ሞተሩም ዓይኔን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ሣሩ ውስጥ ገባ። አልወደቅኩም። መንጫጫት፣ አቧራ፣ ከዚያ ዝም። በቀስታ ወጣሁ፤ ደንብ ስለሆነም ሞተሩን ለማስመርመር ገባሁ።

ሽበታም አስተማሪ መጣ። ሞተሩን ዞሮ አየ፤ ራዲያተሩ ላይ የተሰካውን ሣር ነቀለ። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ምን እያየህ ነበር? ሣሩን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ዙር ፍሬን ከምይዝበት ቦታ ጀምሮ የመታጠፊያው ውስጠኛ ጫፍ ላይ ያለችውን ኮን እንድፈልግ፣ እሷ ጋ ሳልደርስም ዓይኔን ወደ መውጫው እንድወስድ ነገረኝ። ፍጥነት ቀንስ አላለኝም። የጠበቅኩት እሱን ነበር።

ቀኑን ሙሉ ኮን ፈለግኩ። ወደ ቤት ስመለስ በመኪና ሆኜ መንገድ ላይ ያለኝ ፍርሃት ምን እንደነበር ገባኝ። ያን ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይም ያየሁት የሴትዮዋን በር ነበር። በቀኜ አንድ ሙሉ ባዶ መስመር ነበረኝ እኮ።

መልስ 32 ያ መልስ 6 ነው። ሣር ውስጥ መግባቴን ሲያነብ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ እንደተናገርኩት ብሎ ጀመረ። ነገር ግን ከኋላዬ ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ነበር። ያለፈኝ በሰላም ነው፤ ቢሆንም ነበር። ይህን ደብቄ ነበርና አፈርኩ። የአትላንታዋ ሴትዮ በመልስ 33 የራሷን ሣር ተረከች፤ እሷ ወድቃ የአንገት አጥንቷን ሰብራለች። ከዚህ በፊት አልነገረችንም ነበር። መልስ 10 የነበረው ሰውዬ ለዚህ ልብ ነክቶት እግዜር ይማርሽ አለ፤ አንቺ ብሎ። መልስ 34 የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ጥሎ ሄደ። በየክሩ አንድ አይጠፋም።

መልስ 35 ቱታው ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቀ። ቱታ ቆመህ ሳይሆን ሞተር ላይ እንደምትቀመጥ አጎንብሰህ ነው መለካት ያለበት፤ ቆመህ ከተመቸህ ሰፊ ነው። መልስ 36 የዳላሱ ልጅ ነው። አር1ን አልሸጠም። ግን ከጎረቤቱ ያረጀ ኒንጃ 300 ተከራይቷል፤ የኛ ጩኸት ያመጣው መሆኑን ግን አላመነም። መልስ 37 የዉድብሪጁ ሰው ነው፤ ጥቅምት ላይ ወቅቱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን እንደሚሄድና ድንኳኑ ለሦስት ሰው እንደሚበቃ ጻፈ።

መልስ 38 ያ የመልስ 2 የትራክ ሾፌር ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። የዉድብሪጁ ሰው በሚሄድበት ቀን ጭነት የለውም። ፒክአፕ አለው፤ ሁለት ሞተር የሚጭን ተጎታችም ከጓደኛው ያገኛል፤ እኔንና የዉድብሪጁን ሰው ሊወስደን ይችላል። ሞተር ነድቶ አያውቅም። ያን የመኪና ማቆሚያ ኮርስ የት እንደወሰድኩ ጠየቀኝ። አድራሻውን በውስጥ መልእክት ልኬለታለሁ።